ተጨማሪ መረጃ፦ አይጥ መብላት የተከለከለው ቀበሮ

ኖርዌያዊው ደራሲ ቶርብዮርን ኤግነር በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የልጆች ታሪክ በ2016 አኒሜሽን ፊልም ሆኖ ወጥቷል። የሠራው ኦስሎ የሚገኘው ክቪስተን አኒሜሽን ሲሆን፣ አሻንጉሊቶችን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በማንሳት ነው። በታሪኩ ቀበሮው አይጦቹን ማሳደድ ሲያበዛ የጫካው እንስሳት ተሰብስበው ሕግ ያወጣሉ፤ ከእንግዲህ አንዱ ሌላውን አይበላም!

ከኦስሎ በስተሰሜን ባለው የኑርድማርካ ደን የሚኖረው እውነተኛው ቀበሮ ግን ይህን ሕግ አልሰማም። በብርዱ ወራት አይጥ ከበረዶ ሥር ስትንቀሳቀስ ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጣል፤ ቦታዋን ሲለይ ሽቅብ ይዘልና በአፍንጫው በረዶውን ሰንጥቆ ይገባል። አይጧ ሣርና ዘር ትበላለች፣ እሷን ደግሞ ቀበሮው ይበላታል። ጉልበት በመበላላት ከአንዱ ሕያው ነገር ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ይህ ቅደም ተከተል የምግብ ሰንሰለት ይባላል። በባሌ ተራሮችም ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የሚኖረው ፍልፈልና አይጥ እያደነ ነው። ሕጉ በእርግጥ ቢሠራ ኖሮ አይጦቹ ያለ ልክ ተራብተው የደኑን ዘርና ችግኝ ይጨርሱ ነበር። (የኑርድማርካው ቀበሮ የጫካ ፍሬም ስለሚበላ ለጥቂት ቀናት ሕጉን ያከብር ይሆናል!)

እስኪ ይህን ሞክሩ፦ የእንስሳት አኒሜሽን ስታዩ አንድ ገጸ ባሕርይ ምረጡ። ደብተራችሁ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩና በአንዱ በፊልሙ የሚበላውን፣ በሌላው በተፈጥሮ የሚበላውን ጻፉ። ከዚያም እሱን የሚበላው ማን እንደሆነ ጨምሩበት።