ባዶውን ስታዲየም ማን ያስጎብኝዎ?

ለዘመድ ጥየቃም ሆነ ለሥራ እንግሊዝ አገር የሄደ የእግር ኳስ ወዳጅ፣ ዓመታት በቴሌቪዥን ያየውን ስታዲየም በዓይኑ ሳያይ መመለስ አይሆንለትም። የጨዋታ ትኬት ግን ውድ ነው፤ በታላላቆቹ ክለቦች ዘንድ ደግሞ ቅድሚያው ለአባላት ስለሆነ ገንዘብ ተይዞም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ብዙው እንግዳ የሚገባው ጨዋታ በሌለበት ቀን፣ የጉብኝት ትኬት ቆርጦ ነው። ጥያቄው የሚመጣውም ያኔ ነው፦ ከአስጎብኚ ጋር ወይስ ለብቻ?

ከአስጎብኚ ጋር ሲሆን በተወሰነ ሰዓት ከሌሎች እንግዶች ጋር በቡድን ይገባሉ። አንድ የክለቡ ሰው ከፊት ከፊት እየሄደ ይተርካል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ እሱ ሲነሳ እርስዎም ይነሳሉ። ለብቻ ሲሆን ደግሞ መግቢያው ላይ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ትንሽ መሣሪያ ይሰጥዎታል፤ ምልክቱን ተከትለው እየሄዱ በየደረሱበት ትረካውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ያልገባዎትን ደግመው መስማት፣ የሰለቸዎትን ማለፍ፣ ደስ ያለዎት ቦታ ላይ መቆየት ይችላሉ።

ብዙ ሰው ዋጋቸውን ብቻ አወዳድሮ ይመርጣል። በእኔ እምነት ግን ምርጫውን መወሰን ያለበት ስታዲየሙ ራሱ ነው። ከፊትዎ ያለው ነገር ለዓይን የተዘጋጀ ከሆነ መሣሪያው ይበቃዎታል፤ የቦታው ክብደት ያለው በማይታየው ታሪኩ ላይ ከሆነ ግን የሚነግርዎ ሰው ያስፈልግዎታል።

ለመጀመሪያው ጥሩ ምሳሌ የአርሰናል ኤምሬትስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተና 60,000 ገደማ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ሲሆን፣ መደበኛው ጉብኝቱ በጆሮ ማዳመጫ ነው። ከክለቡ ኃላፊዎች የክብር መቀመጫ እስከ መልበሻ ክፍሎቹ፣ ከተጫዋቾቹ መውጫ እስከ ተጠባባቂዎች ወንበር፣ ከዚያም ጋዜጣዊ መግለጫ ወደሚሰጥበት ክፍል ያደርስዎታል። የባለሜዳው መልበሻ ክፍል በግማሽ ክብ የተሠራ ነው፤ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ እንዲተያዩ ተብሎ የታሰበ ሲሆን፣ የወቅቱ አሰልጣኝ አርሴን ቬንገር በንድፉ ላይ እጃቸው እንዳለበት ይነገራል። እዚህ ክፍል ውስጥ ከሃያ ሰው ጋር ተጋፍቶ ከመቆም ይልቅ ትንሽ ጠብቆ ሰዉ ሲሳሳ መቀመጥ ይሻላል፤ ለብቻ የሚጎበኝ ሰው ይህን ማድረግ ይችላል። በብርድ ወራት ከሄዱ ሜዳው ላይ በጎማ የሚንቀሳቀሱ ግዙፍ መብራቶች ተዘርግተው ሊያገኙ ይችላሉ። ለጥገና ወይም ለዝግጅት የመጡ ሊመስሉዎት ይችላሉ፤ ሥራቸው ግን ለሣሩ ብርሃን መስጠት ነው። ከፍ ያለው ትሪቡን በእነዚያ ወራት ፀሐዩን ስለሚከልል ሣሩ በሰው ሠራሽ ብርሃን ይመገባል።

ሙዚየሙም ቢሆን በራስ ፍጥነት ሲታይ ነው የሚጥመው። ያለ ሽንፈት የተጠናቀቀውን የ2003/04 የውድድር ዘመንና እስከ 49 ጨዋታ የዘለቀውን ጉዞ በዘመኑ ለተከታተለ ሰው፣ እያንዳንዱ መስታወት ፊት የሚቆምበት ምክንያት አለው። አብሮት የሄደው የቼልሲ ደጋፊ ወንድሙ ደግሞ በአሥር ደቂቃ ጨርሶ መውጣት ይችላል።

ኤምሬትስ ውስጥ ሌላም ምርጫ አለ። ጨመር አድርገው ከከፈሉ በቀድሞ የክለቡ ተጫዋች የሚመራ ጉብኝት ያገኛሉ። ይህን ከመሩት አንዱ ቻርሊ ጆርጅ ነው፤ በ1971 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ሊቨርፑል ላይ በጭማሪ ሰዓት የማሸነፊያዋን ጎል አስቆጥሮ ሜዳው ላይ በጀርባው የተዘረረው ወጣት ማለት ነው። ያቺን ጎል ካስቆጠረው ሰው አፍ መስማትን የትኛውም መሣሪያ አይተካውም። አቅሙ ላለው ደጋፊ ያለ ማመንታት የምመክረው ይህንን ነው።

ወደ ማንቸስተር ሲሄዱ ነገሩ ይለወጣል። ኦልድ ትራፎርድ የተከፈተው በ1910 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ መጋቢት 1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ደብድበውት ዋናው ትሪቡን ስለወደመ፣ ዩናይትድ እስከ 1949 ድረስ የጎረቤቱን የማንቸስተር ሲቲን ሜይን ሮድ ሜዳ ተውሶ ተጫውቷል። ከመጀመሪያው ግንባታ ዛሬ ድረስ የቀረው በአሁኑ የሰር ቦቢ ቻርልተን ትሪቡን መሀል ያለው አሮጌው የተጫዋቾች መውጫ ነው። ለማያውቅ ሰው ተራ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ተጫዋቾችም ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚወጡት በጥጉ በኩል ስለሆነ በቴሌቪዥን አናውቀውም። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው ይህን ይረዳል፦ ዓለቱ ላይ ያሉትን ጎድጓዳ ምልክቶች ብቻውን የሄደ ሰው ዝም ብሎ ያልፋቸዋል፤ አስጎብኚው ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ያረፈበት ነው ብሎ ያስቆመዋል።

በዚያ አሮጌ መውጫ በኩል ወደ ሜዳ ይወጡ ከነበሩት መካከል የአሰልጣኙ የማት በዝቢ «ልጆች» የሚባሉት ወጣት ተጫዋቾች ይገኙበታል። የካቲት 6 ቀን 1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቡድኑ ቤልግሬድ ላይ ከቀይ ኮከብ ጋር 3 ለ 3 ተለያይቶ ሲመለስ፣ ነዳጅ ለመሙላት ሙኒክ ያረፈው አውሮፕላን በረዶ ከሸፈነው ማኮብኮቢያ ለመነሳት ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ተከሰከሰ። 23 ሰዎች ሞቱ፤ ስምንቱ ተጫዋቾች ነበሩ። ስታዲየሙ ውጪ የተሰቀለው የመታሰቢያ ሰዓትና ጽሑፉ፣ በትሪቡኑ ሥር ያለው የሙኒክ መተላለፊያም ለእነሱ ነው። በዝቢና ቦቢ ቻርልተን ከዚያ አደጋ ተርፈው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1968 የአውሮፓን ዋንጫ አነሱ። ይህን ታሪክ ከሰው አንደበት መስማት ይለያል። የኦልድ ትራፎርድ ጉብኝት በአስጎብኚ መሆኑ ለእኔ ትክክል ነው። ክለቡ በ2025 እዚያው አጠገብ 100,000 ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም ለመገንባት ማሰቡን ስላስታወቀ፣ አሮጌውን ማየት የሚፈልግ ሰው ቀጠሮውን ባያራዝም ጥሩ ነው።

የሊቨርፑሉ አንፊልድ ሁለቱን ያዋሕዳል፦ መሣሪያውን ይዘው ይዞራሉ፣ በየቦታው ግን የሚጠየቁ የክለቡ ሠራተኞች አሉ። የቀድሞው አሰልጣኝ ቢል ሻንክሊ ባሰቀሉት «ይህ አንፊልድ ነው» በሚለው ሰሌዳ ሥር ሁሉም እጁን ዘርግቶ ፎቶ ይነሳል። ዩርገን ክሎፕ ዋንጫ ሳታነሱ እንዳትነኩት ብለው ተጫዋቾቻቸውን መከልከላቸውን ሠራተኞቹን ቢጠይቁ ያጫውቱዎታል። እስከ 1892 በሜዳው ይጫወት የነበረው ኤቨርተን ስለመሆኑም ይጠይቁ፤ የሁለቱን ጎረቤቶች ፉክክር ከሥሩ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ስለ አስጎብኚዎች አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የክለቡ ሰዎች ናቸው፤ ክለቡን የሚያስወቅስ ነገር ከእነሱ አይጠበቅም። ጨዋታ አዋቂ ስለሆኑም ታሪኩን ያጣፍጡታል። በተለይ የእንግዳው ቡድን መልበሻ ክፍል ሲደረስ ወሬው ይበዛል፦ የልብስ መስቀያው ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጓል፣ የአሰልጣኙ ሰሌዳ በሩ ሲከፈት እንዲሸፈን ተደርጎ ተሰቅሏል ይባላል። ተረት ብቻ ነው ብዬ አልጥለውም። ኖርዊች ሲቲ በ2018 የእንግዳውን ክፍል ሮዝ ቀለም መቀባቱ የታወቀ ነው፤ ቀለሙ ተጋጣሚን ያለዝባል ተብሎ ታስቦ ነበር። የሰሙትን ሁሉ ግን እንደ ታሪክ መዝገብ አይውሰዱት።

ለእኛ አንባቢዎች ሌላ ጉዳይም አለ፤ ቋንቋ። የሊቨርፑል ወይም የማንቸስተር ሰው እንግሊዝኛ፣ ትምህርት ቤት የተማርነውን እንግሊዝኛ ለለመደ ጆሮ ከባድ ነው፤ ከቀልድ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መሣሪያው ግን ረጋ ብሎ ይናገራል፣ ይደግምልዎታል፤ በብዙ ስታዲየሞችም በሌሎች ቋንቋዎች ይገኛል፤ ለምሳሌ ዐረብ አገር የቆየ ሰው ዐረብኛ ካለ ይጠይቅ። ከአገር ቤት የመጡ አባትዎን ይዘው ከሆነማ ለብቻ ይግቡ። በቡድን ጉብኝት ውስጥ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለአባት መተርጎም ሌላውን ሰው ይረብሻል፣ እርስዎም ቀጣዩ ያመልጥዎታል። ለብቻ ሲሆን ግን መሣሪያውን አቁመው፣ ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ አጠገባቸው ቁጭ ብለው፣ እሳቸው እስኪረኩ ድረስ ማጫወት ይችላሉ።

ልጆች ከያዙ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥሩ አስጎብኚ ልጆችን ያጫውታል፣ ይጠይቃል፣ ፊት ያቆማል። መሣሪያውን ግን ቶሎ ይሰለቹታል።

ትኬቱን ከመነሳትዎ በፊት በክለቡ ድረ ገጽ ይያዙ። በጨዋታ ቀን ጉብኝት ወይ አይኖርም ወይ ያጥራል፤ በዋዜማውም መልበሻ ክፍሉ ሊዘጋ ስለሚችል የጨዋታ መርሐ ግብሩን አይተው ቀን ይምረጡ። ሣሩን መርገጥ በሁለቱም ዓይነት ጉብኝት ክልክል ነው።

ለንደን ውስጥ የጉብኝት ዋጋው የከበደው ሰው ደግሞ ያለ ትኬት የሚያየው አለው። ከኤምሬትስ ጥቂት ደቂቃ በእግር ቢሄዱ አርሰናል እስከ 2006 የተጫወተበት ሃይበሪ አለ። ትሪቡኖቹ የመኖሪያ አፓርታማ፣ ሜዳው የነዋሪዎቹ የአትክልት ቦታ ሆኗል፤ የምሥራቁ ትሪቡን የፊት ገጽታ ግን እንደ ጥንቱ ተጠብቆ ከመንገድ ላይ ይታያል። በባቡር ሲሄዱ አርሰናል ጣቢያ ይውረዱ፤ አሰልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን ወትውተው በ1932 በክለቡ ስም እስኪሰየም ድረስ ጊለስፒ ሮድ ይባል ነበር። ከባቡሩ እንደወረዱ ቶሎ አይውጡ፤ አሮጌው ስም ግድግዳው ላይ በሸክላ ጡብ እንደተጻፈ አለ።