የስሜን ጥርጊያ መንገድ

ውኃ የቋጠረ መሬት በሚበዛባቸው አገሮች ሰዎች በረግረጉ ላይ ሳንቃ ያነጥፉና በዚያ ላይ ይራመዳሉ። ብልሃቱ ጥንታዊ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ከረግረግ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ አንድ የሳንቃ መተላለፊያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3807 ዓመት ገደማ የተሠራ መሆኑ ታውቋል። እናንተ ግን ከጎንደር ተነሥታችሁ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዛችሁ በኋላ ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች በእግር ብትወጡ፣ የምትረግጡት ባዶውን አፈር ነው። ሳንቃ በር የሚባለውን ቦታ እንኳ የምታልፉት፣ ስሙ ሳንቃን ቢጠራም፣ በአፈር ላይ ነው።

ይህ ጥርጊያ መንገድ በመጀመሪያ ለጎብኚ የወጣ አልነበረም። በግጭ አምባ ገብስ የሚያርሱና ከብት የሚያረቡ ሰዎች በቅሎና አህያ ጭነው ወደ ገበያ ይወርዱበት ነበር። ቦታው በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሲከለል የአገር ጎብኚዎችም ያንኑ መንገድ ተከትለው መሄድ ጀመሩ።

የግጭ ከፍታ 3,600 ሜትር ያህል ነው። ጓሳና ጅባራ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር የክረምቱን ዝናብ መጥጦ ይይዛል። ሌሊት ውርጩ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ውኃ ያረጋዋል፤ የረጋውም ውኃ አፈሩን ወደ ላይ እየገፋ ያላላዋል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስታቀልጠው መሬቱ ጭቃ ይሆናል። ያን ጊዜ አንዱ መንገደኛ ጭቃውን ሸሽቶ ሣሩን ይረግጣል፤ ተከታዩም ከእርሱ ወዲያ ፈቀቅ ይላል። እንዲህ እየሆነ አንዱ መንገድ አራትና አምስት ይሆናል። ሥሩ የተነቀለበትን መሬት የክረምት ጎርፍ ይቦረቡረዋል፤ ዋልያና ጭላዳ የሚግጡትም ሣር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ጭቃ ሲገጥማችሁ በጭቃው መካከል ማለፍ ይሻላል፤ ጫማ ይታጠባል።

እርግጥ ነው፣ ጉዳቱ የእግረኛ ብቻ አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ የገባው በዋልያ ቁጥር ማነስ፣ በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት፣ በመካከሉም የመኪና መንገድ በመቀደዱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ገደማ የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ። ይህ ለሣሩና ለአራዊቱ መልካም ዜና ነው። ለነዋሪዎቹ ግን የተወለዱበትን ቀዬና የአባቶቻቸውን እርሻ መተው ነበር። ዛሬ እንግዳ የሚሄድበትን ጥርጊያ ያቀኑት እነርሱ ናቸው።