የዲካል ወረቀት ኪሳራ፤ ጥፋቱ የፕሪንተሩ ነው ወይስ የገዢው?

የአውሮፕላን፣ የባቡርና የመኪና ሞዴል በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ከሚገዟቸው ግብአቶች መካከል የውሃ ዲካል ወረቀት በሉክ ሲሰላ ከተራው የማተሚያ ወረቀት ብዙ እጥፍ ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው በ5፣ በ10 ወይም በ20 ሉክ ፓኬት ነው። 10 ሉክ ገዝቶ 4ቱን ያበላሸ ሰው፣ የቀሩት 6 ሉኮች እያንዳንዳቸው በፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ 67 በመቶ ያህል ተወደውበት ያገኛቸዋል። ቀለሙ፣ ቫርኒሹና የባከነው ሰዓት ገና አልተቆጠሩም። ጀማሪዎች ደግሞ ከ10 ሉክ 4 ማበላሸታቸው ብርቅ አይደለም።

ዲካል የሚባለው በወረቀት ላይ ታትሞ፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ከወረቀቱ ተንሸራቶ በሌላ ዕቃ ላይ የሚያርፍ ስስ ሥዕል ነው። አሠራሩ ሦስት ንብርብር አለው። ከታች ተራ ወረቀት፣ በመካከሉ ውሃ ሲነካው የሚሟሟ ሙጫ፣ ከላይ ደግሞ ቀለሙን የሚሸከም እንደ ላስቲክ የሳሳ ሽፋን ይገኛል። ውሃው ሙጫውን ያሟሟዋል፤ ሽፋኑ ሥዕሉን ይዞ ይንሸራተታል። የሚታተመው በሚያብረቀርቀው ፊት ነው። በካውያ ካናቴራ ላይ እንደሚለጠፈው ወረቀት ሥዕሉን ገልብጦ ማተም አያስፈልግም፤ ዲካል እንደታተመ ቀጥ ብሎ ያርፋል። ይህን ሳያውቁ ጽሑፉን እንደ መስተዋት ገልብጠው የመጀመሪያውን ሉክ የሚያቃጥሉ ጥቂት አይደሉም።

ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ግን ከፕሪንተሩ ጋር የማይገጥም ወረቀት ከመግዛት ነው። ገበያው ላይ ያለው የዲካል ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለኢንክጄት፣ ሌላው ለሌዘር። ከላይ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ኢንክጄት ውሃ ያለበት ፈሳሽ ቀለም ስለሚረጭ ወረቀቱ ቀለሙን የሚይዝ ልባስ ያስፈልገዋል። ለሌዘር የተሠራው ወረቀት ይህ ልባስ ስለሌለው በኢንክጄት ሲታተምበት ቀለሙ በቅባት ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይቀመጣል፤ ለሰዓታት ቢጠበቅም አይደርቅም። ይህ የሚያስከፍለው አንድ ሉክ ብቻ ነው።

የተገላቢጦሹ ስህተት ዋጋው ሌላ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ቶነር የሚባለውን የፕላስቲክ ዱቄት ፊውዘር በተባለ የጋለ ሮለር አቅልጦ ነው ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው። የሮለሩ ሙቀት ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ለኢንክጄት የተሠራው ሽፋን ይህን ሙቀት ካልቻለ ይቀልጥና በፊውዘሩ ላይ ይጠመጠማል። በርካሽ ፕሪንተሮች ላይ ፊውዘር ማስቀየር አዲስ ማሽን ለመግዛት የተቃረበ ወጪ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ «ለኢንክጄት» ወይም «ለሌዘር» የሚለው ቃል ከዋጋው ቀድሞ መነበብ አለበት። ከፓኬቱ ወጥቶ በነጠላ የሚሸጥና ዓይነቱ የማይታወቅ ሉክ በነጻ ቢሰጥም ርካሽ አይደለም።

ትክክለኛው ወረቀት ከተገኘ በኋላ በሌዘር በኩል የሚሰማው ቅሬታ ቶነሩ በጥፍር ሲነካ የሚፈረፈር መሆኑ ነው። የዚህ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ፕሪንተሩ ተራ ወረቀት የገባለት መስሎት በፍጥነት ማሳለፉ ነው። በማተሚያው ምርጫ ውስጥ «ወፍራም ወረቀት» ወይም «ሌብል» የሚለው ሲመረጥ ማሽኑ ዝግ ብሎ ያሳልፈዋል፤ ቶነሩም የሚቀልጥበት ጊዜ ያገኛል። ሽፋኑ አረፋ አረፋ ካወጣ ደግሞ ሙቀቱ በዝቷልና አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው። ቶነር በውሃ ስለማይሟሟ የሌዘር ዲካል ሳይቀባም ውሃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቢሆንም ሲያያዝ እንዳይጫር ስስ ቫርኒሽ ቢያገኝ ይጠቀማል።

ኢንክጄት ተጠቃሚው እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም። ቀለሙ በውሃ ስለሚሟሟ ታትሞ፣ ደርቆ፣ በቫርኒሽ ካልታሸገ ውሃ ውስጥ በገባበት ቅጽበት ይበተናል። ለዚህ የሚያገለግለው አክሪሊክ የሚባለው በቆርቆሮ የሚሸጥ ግልጽ ስፕሬይ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት ባለመቀባት ሳይሆን በመቸኮል ነው። አንደኛ፣ ሕትመቱ በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ከሥር እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ በተለይ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ቀለም ያረፈበት ቦታ ሌሊቱን ቢያድር ይመረጣል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ርጭት ወፍራም ከሆነ የስፕሬዩ ፈሳሽ ራሱ ቀለሙን ይዞት ይፈሳል። መፍትሔው ከርቀት ጉም በሚመስል መጠን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ እያደረቁ መርጨት ነው። ሽፋኑ በጣም ሳስቶ ከቀረ ዲካሉ ከወረቀቱ ሲንሸራተት ይቀደዳል፤ በጣም ከወፈረ ደግሞ ሞዴሉ ላይ እንደ ፕላስተር ጠርዙ ይታያል።

ሌላው የኢንክጄት ችግር ቀለም መብዛቱ ነው። ብዙ ሰው ለጥራት ብሎ ከፍተኛውን የፎቶ ማተሚያ ደረጃ ይመርጣል። ወረቀቱ የማይሸከመው ቀለም ሲወርድበት መስመሮች ይደፈርሳሉ፣ ጥቁሩ ይተኛል። አንድ ደረጃ ዝቅ ሲደረግ ሕትመቱ ይጠራል፤ ቀለምም ይቆጠባል። ጥራትና ቁጠባ አንድ ላይ የሚሄዱበት ይህን የመሰለ አጋጣሚ ብዙ አይገኝም።

ጥንቁቅ ሠሪዎች በሉኩ ጥግ ላይ ትንሽ የቀለም ሳጥን አብረው ያትማሉ። ቫርኒሹ ሲደርቅ ያችን ብቻ በመቀስ ቆርጠው በሲኒ ውሃ ውስጥ ይጥላሉ። ውሃው ቀለም ከያዘ ሌላ ርጭት ይጨመራል፤ ንጹሕ ከሆነ ሉኩ ለሥራ ደርሷል። የአንዲት ቁራጭ ሙከራ ሙሉ ሉክ ያድናል።

እስካሁን የተነገረው በጥንቃቄ የሚፈታ ነው። የነጭ ቀለም ነገር ግን በጥንቃቄ አይፈታም። የቤትና የቢሮ ፕሪንተሮች የሚሠሩት በሰማያዊ፣ በወይን ጠጅ፣ በቢጫና በጥቁር ነው። ነጩን ወረቀቱ ይሰጣል ተብሎ ስለታሰበ ነጭ ቀለም አልተገጠመላቸውም። ከዚህም በላይ ቀለሞቹ ብርሃን የሚያሳልፉ ናቸው። ስለዚህ በግልጽ ሽፋን ላይ የታተመ ቢጫ ነጭ ነገር ላይ ሲያርፍ ቢጫ ነው፤ ሰማያዊ ላይ ሲያርፍ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ጥቁር ላይ ከቶ አይታይም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ እ.ኤ.አ በነሐሴ 2012 የተረከበውን ቦይንግ 787-8 በ1 ለ144 መጠን ለመሥራት የተነሳ ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። አካሉ ነጭ በመሆኑ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ በግልጽ ወረቀት ታትመው በትክክል ይወጣሉ። ጥቁር አረንጓዴ የጦር አውሮፕላን ላይ ነጭ ቁጥር መለጠፍ የፈለገ ግን ሌላ መንገድ ያሻዋል። አንዱ ነጭ የዲካል ወረቀት መግዛት ነው። ችግሩ ነጩ ሽፋን ከሥዕሉ ዙሪያ በሙሉ አብሮ ስለሚመጣ በምላጭ ልክ በጠርዙ መቁረጥ ይጠይቃል፤ ወይም የአውሮፕላኑን ቀለም በቁጥሩ ዙሪያ ማተም ይሻል፤ ይህኛው መቼም ፍጹም አይገጥምም። ሁለተኛው መንገድ ሥዕሉ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ነጭ መቀባት ነው። አድካሚ ቢሆንም ርካሹና አስተማማኙ ይኸው ነው።

ፋብሪካዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ በሞዴል ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዲካል በስክሪን ስለሚታተም ነጩ እንደማንኛውም ቀለም ይደረብበታል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን መዘጋጀት አለበት። ይህ ቋሚ ወጪ በሺህ ሲካፈል ኢምንት ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ሞዴል ሲሆን የማይቀመስ ይሆናል። ክፍተቱን ለመሙላት የጃፓኑ አልፕስ እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ ነጭና ብረታማ ቀለም በሪባን የሚያትም ፕሪንተር አቅርቦ የሞዴል ሠሪዎች ወዳጅ ሆኖ ነበር። የቢሮው ገበያ ፊቱን ስላዞረበት ምርቱ ቆመ። ያገለገለውን ማሽን የገዙ ሰዎች ሪባን ማሳደድ ዕጣቸው ሆነ። በኋላ ኦኪ ነጭ ቶነር ያላቸውን ሌዘሮች ሠርቷል፤ ዋጋቸው ግን ለትርፍ ጊዜ ሳይሆን ለንግድ የሚታሰብ ነው። በዓመት አምስት ስድስት ሉክ የሚያትም ሰው በዲካል ሥራ ለተሰማሩ ጥቃቅን አታሚዎች ከፍሎ ቢያሳትም ሂሳቡ ይቀናለታል።

የፊደል መጠንም ተገምቶ የሚተው ነገር አይደለም። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፊደል በ1 ለ72 ሲቀነስ 1.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ300 ነጥብ ጥራት ሲታተም የሚደርሰው 16 ነጥብ ያህል ቁመት ብቻ ነው። የላቲን ፊደል በዚህ መጠን እንደምንም ይነበባል። የአማርኛው ግን ልዩነቱ በትንሽ ቅጥል ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ «ቡ» እና «ቢ» አንድ ይሆናሉ። በ600 ነጥብና ከዚያ በላይ፣ በተቻለ መጠንም በሌዘር ማተም ይመከራል።

ልጠፋው ላይ የሚደርሰው ጥፋት ያን ያህል አያነጋግርም። ዲካሉ ውሃ ውስጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ መቆየት አያስፈልገውም፤ ራሱ እስኪንሳፈፍ ከተተወ ሙጫው ታጥቦ ያልቃል። ከደረቀ በኋላ ከሥሩ ብር መሳይ ጭጋግ ከታየ ሻካራ ገጽ ላይ አርፎ አየር ታስሮበታል ማለት ነው፤ ሞዴሉ አስቀድሞ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ቢቀባ ይህ አይመጣም። ለደረሰበት ደግሞ አረፋውን በመርፌ ጫፍ ወግቶ ማይክሮ ሶልን የመሰለ ማለስለሻ መንካት ይረዳል። በለጠፋ ጊዜ በውሃ የቀጠነ ነጭ አቼቶ የሚጠቀሙም አሉ፤ ለስስ ዲካል ይበቃል።

ከሞዴል አልፈው ኩባያ ላይ እየለጠፉ ለመሸጥ የሚያስቡ ግን አንድ ነገር ይለዩ። የሸክላ ፋብሪካዎች ዲካል ማዕድን ቀለም ኖሮት ከ700 ዲግሪ በላይ በምድጃ የሚጠበስ ነው። በቤት ፕሪንተር የታተመው ከኩባያው ጋር አይዋሃድም፤ በቫርኒሽ ቢሸፈንም ከንፈር በሚነካበት ጠርዝና በውስጥ በኩል ሊለጠፍ አይገባውም፤ በተደጋጋሚ ሲታጠብም ይላጣል። ለጌጥ ከሆነ ለጌጥ ተብሎ ይሸጥ፤ ሻይ ይጠጣበት ተብሎ የተሸጠ እንደሆነ ገዢው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።