የቆመ መኪና ውስጥ ምን መተው የለብንም?

እህቶቼ፣ ከገበያም ከጉዞም ስንመለስ ዕቃ የምናወርደው፣ መኪና ውስጥ የቀረውን የምንለቃቅመው አብዛኛውን ጊዜ እኛ ነን። እኔም የቤት ሠራተኛ በነበርኩበት ጊዜ ይሄ የኔ ሥራ ነበር። በሙቀቱ ወራት ቀድሞ መውረድ ያለበትን ማወቅ ከአደጋም ከጭቅጭቅም ያድናል።

ሙቀቱ ለምን ይበረታል?

የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ ገብቶ ወንበሩንና ዳሽቦርዱን ያግላል፤ ሙቀቱ ግን መውጫ የለውም። ውጪው 45 ዲግሪ ከሆነ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ በአንድ ሰዓት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። አብዛኛው የሚጨምረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ብዙም አይረዳም።

ቀድመው የሚወርዱ ዕቃዎች

- መድኃኒት፦ ብዙው ክኒን ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ ማሸጊያውን እዩ። ኢንሱሊን መልኩ ሳይለወጥም ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። የአሮጊቷ ኢንሱሊን መኪና ውስጥ ከዋለ ለቤተሰቡ ንገሩ እንጂ ዝም ብላችሁ ፍሪጅ አትመልሱት።
- የሚረጩ ጣሳዎች፦ ዲዮዶራንት፣ የፀጉር ስፕሬይ፣ የበረሮ መድኃኒት። ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቁ ሊፈነዱ ይችላሉ። ላይተርም እንደዚያው።
- ስልክና ፓወር ባንክ፦ ባትሪው ሊያብጥ፣ ሊቃጠልም ይችላል። ያበጠ ፓወር ባንክ ቻርጅ አታድርጉ። የጋለ ስልክ አጥፍታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም።
- ወተት፣ ሥጋ፣ የበሰለ ምግብ፦ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ይጣል። የሕፃን ጡጦ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ።
- ሳኒታይዘር፦ በሙቀት ብቻ በራሱ ይቃጠላል የሚባለው ትክክል አይደለም። እሳት ካገኘው ግን ይቀጣጠላል።

ሕፃኑን ከማሰራችሁ በፊት የቀበቶውን ብረት በእጃችሁ ንኩት፤ ቆዳ ያቃጥላል።

«ልጁን ይዘሽ ጠብቂኝ፣ አሁን መጣሁ»

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። ሞተሩ ጠፍቶ አትቀመጡ። በርቶም ቢሆን መሃል ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ጭሱ ይገድላል። በትህትና እንዲህ በሉ፦ «ማዳም፣ ሰያራ ሃር ዋጂድ፣ ኸጠር ዓለ ቤቢ» (መኪናው በጣም ይሞቃል፣ ለሕፃኑ አደጋ ነው)። አብራችሁ ግቡ።

እናንተም ልጁን ለደቂቃ እንኳ ትታችሁ አትውረዱ። በኤምሬትስ የ2016ቱ የሕፃናት መብት ሕግ፣ «ወዲማ» የሚባለው፣ ልጅን ያለ ጠባቂ መተውን ይከለክላል። በር ከተቆለፈባችሁ ክላክሱን ሳታቋርጡ ተጫኑ።

ሙቀት ከመታው

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ወይም ራስን መሳት ምልክቶቹ ናቸው። ወደ ቀዝቃዛ ቦታ አውጡት፣ ሰውነቱ ላይ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ።

ወዲያው ደውሉ፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ሊባኖስ 140። ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።