ጊደሯን ማን ያሳድጋታል?

በእናንተ ስጦታ ለአንድ ችግረኛ ቤተሰብ ጊደር ስንሰጥ አንድ ቃል እንቀበላለን፤ ይኸውም ከእርሷ የምትወለደውን የመጀመሪያዋን ሴት ጥጃ አሳድጎ ለሌላ ችግረኛ ጎረቤት እንዲያስተላልፍ ነው። ስለሆነም የጥጃዋ አስተዳደግ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ ተራውን የሚጠብቀው ቤተሰብም ጉዳይ ነው።

ክልስ ጊደር ለአገራችን ገበሬ አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ በአርሲ የተቋቋመው፣ ካዱ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ድርጅት ለገበሬዎች ያከፋፍላት ነበር። ነገር ግን ጥሩ ዘር ያለ ጥሩ መኖ ፍሬ አይሰጥም።

የመጀመሪያው ነገር እንገር ነው። ጥጃ በሽታን የምትከላከልበትን ኃይል ይዛ አትወለድም፤ የምታገኘው ከእናቷ እንገር ነው። ይህም ኃይል ከአንጀቷ ወደ ደሟ የሚያልፈው በመጀመሪያው ቀን ብቻ በመሆኑ፣ በተወለደች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጠግባ ትጥባ።

ቀጥሎ ወተት ነው። 30 ኪሎ የምትመዝን ጥጃ በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ያስፈልጋታል። ወተቱ በገበያ ገንዘብ ስለሚያወጣ ከጥጃዋ አፍ መንጠቅ ያጓጓል፤ ዳሩ ግን የነገዋን ላም መሸጥ ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ ድርቆሽና ጥቂት ፉርሽካ ይቅረብላት። በቀን 1 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ መብላት ስትችል ከወተት ትለያለች።

ብዙ ጊደሮች የሚጎዱት ከዚህ በኋላ ነው። ወተት ስለማትሰጥ ትረሳለች፤ ገለባ ብቻ ይጣልላታል። ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይገነባም። የኑግ ፋጉሎ፣ አልፋልፋ ወይም ሌላ የጥራጥሬ ዘር መኖ፣ እንዲሁም ጨው ይጨመርላት። ይሁን እንጂ ከልክ በላይ ማወፈርም ግቷን በስብ ሞልቶ ወተቷን ይቀንሳል።

ኮርማ የምትቀርበው በዕድሜዋ ሳይሆን በክብደቷ ነው። ስታድግ 400 ኪሎ ለምትሆን ጊደር ይህ ክብደት 240 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከዚህ በፊት ከተጠቃች በምጥ ትቸገራለች። በቀን ግማሽ ኪሎ የምትጨምር ጥጃ ከ30 ኪሎ ተነሥታ በ14 ወር እዚያ ትደርሳለች፤ ሩብ ኪሎ ብቻ የምትጨምር ግን 28 ወር ይፈጅባታል። ልዩነቱ 14 ወር ነው። ያን ያህል ጊዜ ሁለተኛው ቤተሰብ፣ ልጆቹም ጭምር፣ ያለ ወተት ይጠብቃሉ።

በመሆኑም የፕሮጀክት ሠራተኞች በየወሩ የእያንዳንዷን ጊደር ደረት ዙሪያ በሜትር ለክታችሁ እድገቷን እንድትመዘግቡ፣ ምእመናንም ጊደር የተሰጣቸውን ቤተሰቦች እየጎበኛችሁ እንድታበረታቱና በጸሎት እንድታስቡ በጌታ ፍቅር እናሳስባለን። ስጦታችሁ ከአንድ ደጃፍ ወደ ሌላው የሚሻገረው በጊደሯ እግር ነውና።