የክረምት ጭቃና የቢስክሌት ካቴና

ባሕር ዳር የቢስክሌት ከተማ መሆኗን ያልሰማ የለም። መሬቷ ሜዳ፣ መንገዷ ሰፊ ነው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም በቢስክሌት ይመላለሳል። ሐምሌ ሲገባ ግን ብዙው ባለ ቢስክሌት ንብረቱን ግድግዳ አስደግፎ እስከ መስቀል ዞር ብሎም አያየው። የሚያመልጠውን ቢያውቅ ይቆጨው ነበር። የሌሊቱ ዝናብ ካባራ በኋላ ከአስፋልቱ ወርዶ በመንደሮች መካከል መንዳትን የሚያህል ነገር በዓመት ውስጥ የለም። አቧራ የለም፤ ፀሐዩ አናት አይበሳም። በቆሎው ከሰው ቁመት በልጦ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይጋርዳል። የጤፍ ማሳ ላይ አራሞች በደቦ ጎንበስ ብለው ይታያሉ። ጉልበት ያለው ሰው ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ጢስ ዓባይ ቢደርስ ፏፏቴውን በሙሉ ግርማው ያገኘዋል፤ በበጋ የሚታየው ሌላ ነው።

ለመንገዱ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የዝናብ ልብስ ያዙ፤ ጎማውን ከወትሮው ትንሽ አስተንፍሱት፤ እርጥብ ቸርኬ ላይ ፍሬን ቶሎ ስለማይዝ ቀደም ብላችሁ ያዙ። የመንደር ውሻ ሲመጣ መሮጥ ትርፉ መነከስ ነው፤ ወርዳችሁ ቢስክሌቷን በመሃል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉ። ይህን ልጆችም ያውቁታል።

እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ካቴናው ነው። ሰው ስለ ቢስክሌት ሲያወራ ወይ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ አገሩን ወክሎ የተወዳደረውን ገረመው ደንቦባን ያነሳል፣ ወይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ የሆነውን ጸጋቡ ግርማይን። ሁለቱም ክብር ይገባቸዋል። ካቴናቸውን ማን እንዳጸዳው ግን ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

ያለ ካቴና ግን የዛሬዋ ቢስክሌት የለችም። ድሮ ፔዳሉ ፊት ጎማው ላይ በቀጥታ ስለሚታሰር አንድ ዙር ሲረገጥ ጎማውም የሚዞረው አንድ ዙር ብቻ ነበር። መፍጠን የፈለገ ጎማውን ማግዘፍ ነበረበት፤ ነጂው እላይ ተሰቅሎ ሲወድቅ በአፍጢሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ሃንስ ሬኖልድ የተባለ መሐንዲስ ማንቸስተር ከተማ ውስጥ ባለ ጥቅልል ካቴና ሠራ። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር» የምትባለውን፣ ኃይሏን በካቴና ወደ ኋላ ጎማ የምትወስድ ቢስክሌት አወጣ። ሁለት መጠናቸው የተቀራረበ ጎማ ያላት፣ እግር መሬት የሚያደርስባት ቢስክሌት ይቺ ናት። ደንሎፕ በ1888 በነፋስ የሚነፋ ጎማ ጨመረና ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ መሠረታዊ ቅርጿ ብዙም አልተለወጠም።

ካቴናውን እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ በደንብ እዩት። የተራ ቢስክሌት ካቴና ከ100 በላይ ቀለበት አለው። በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ቀጭን ፒን አለ፤ ፒኑ ትንሽ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ በቱቦው ዙሪያ ደግሞ ጥርሱ ላይ የሚያርፈው ጥቅልል ይሽከረከራል። ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴናው ጥርስ ላይ በተጠማዘዘ ቁጥር ፒኑ በቱቦው ውስጥ ትንሽ ይዞራል። ሥራው ሁሉ ያለው ከውጭ በማይታየው በዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው፤ ዘይት የሚያስፈልገውም እዚያ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካቴናው ሲላላ «ተለጠጠ» ይላል፤ ብረቱ እንደ ላስቲክ የተሳበ ይመስለዋል። ብረቱ አልተሳበም። የተበላው ፒኑና ቱቦው ነው። እያንዳንዱ ቀለበት በአማካይ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ቢሰፋ፣ በ110 ቀለበት ሲባዛ 11 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ማለት ነው። ካቴናው የተንዠረገገው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ በስሙ ላይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ሕክምናውም ይሳሳታል። አንድ ቀን መንገድ ዳር ቢስክሌት ጠጋኝ ጋ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ወጣት መጣ። «ጋሼ፣ ካቴናው ላልቶ ይወልቃል፤ እስቲ አሳጥርልኝ» አለ። ጠጋኙም ሚስማርና መዶሻ አነሳ፣ ፒኑን መታ መታ አድርጎ ሁለት ቀለበት አወጣ፣ መልሶ ገጠመ። ካቴናው ቀጥ አለ። ልጁ ደስ ብሎት ከፍሎ ሄደ።

የተፈታ ነገር ግን የለም። የቀሩት ቀለበቶች አሁንም የሰፉ ናቸው፤ የጥርሶቹ ርቀት ደግሞ ያው 12.7 ነው። ስለዚህ ሸክሙ ለብዙ ጥርስ መከፋፈሉ ይቀርና ጥቂቶቹ ላይ ይወድቃል፤ ጥቅልሉ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይወጣል፤ ጥርሱም እየተሞረደ እንደ መጋዝ ይሾላል። ከዚያ አዲስ ካቴና ብትገዙም በሾለው ጥርስ ላይ ይንሸራተታል፤ ከካቴናው በላይ የሚያስወጡ ዕቃዎችም አብረው ይቀየራሉ። በትንሽ ገንዘብ የሚያልቀው ነገር እጥፍ ድርብ ሆኖ ይመጣል።

ይህን ሁሉ የሚያፋጥነው ክረምቱ ነው። ዝናብ ዘይቱን ያጥባል፤ የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃ በቀጥታ ካቴናው ላይ ያርፋል። በጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ ከዘይት ጋር ሲለወስ ብረት መሞረጃ ይሆናል። ታዲያ ባለ ቢስክሌቱ ምን ያደርጋል? ከጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለምኖ ካቴናው ላይ ከላይ ያፈስበታል! የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ የተፋቀ የብረት ብናኝ አለበት። ከውጭ ያለው ዘይት ደግሞ አሸዋ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም። የሚያብለጨልጭ፣ ጥቁር ዘይት የሚንጠባጠብበት ካቴና ሳይ ያመኛል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ከመንገድ ስትመለሱ ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። በጣም ከቆሸሸ በብሩሽና በላምባ እጠቡት፤ ይድረቅ። ከዚያ ንጹሕ ዘይት በእያንዳንዱ ጥቅልል ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ ወደ ውስጥ ይግባ። ቆየት ብላችሁ ከውጭ የቀረውን በሙሉ ጥረጉት። ሲነካ እጅ የማያጠቁር ካቴና ነው በደንብ ዘይት የጠጣው። መኪና እጥበት ወስዳችሁ በኃይለኛ የውሃ ግፊት ማስመታትም ይቅር፤ ውሃው ጭቃውን ተሸክሞ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል።

ፓራፋንጎ የሌላት ቢስክሌት በክረምት አትወጣም። ከፊተኛው ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ቁራጭ ወደ መሬት አንጠልጥሉ። ምንም የማያስወጣ ነገር ነው፤ ወደ ካቴናውና ወደ ጫማችሁ የሚረጨውን ጭቃ ግን በብዛት ያስቀራል።

ዋልካ መሬት ላይ ግን ይህም አይሠራም። ዋልካ በጎማና በፓራፋንጎ መካከል እየተጠቀጠቀ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። አንድ ጠዋት እንዲህ ቆሜ በጣቴ ስፈለፍል ጋቢ የለበሱ አባት በትራቸውን ተደግፈው አዩኝ።

«ልጄ፣ በዚህ ጭቃ ምን አወጣህ?»

«አገር ለማየት ነው፣ አባቴ።»

«አገሩማ በእግርም ይታያል» አሉና ከአጥር ጭራሮ ሰብረው ሰጡኝ። ጭራሮው ከጣት በእጅጉ ይሻላል። ዋልካ ላይ ግን ከሁሉም የሚሻለው ወርዶ ቢስክሌቷን ትከሻ ላይ አድርጎ ሣሩን ይዞ መሄድ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ የሚቀራችሁ አንድ ሥራ ነው። የአናጢ የብረት ሜትር ተዋሱ፤ የተማሪ ማስመሪያ 30 ላይ ስለሚያልቅ አይበቃም። ካቴናውን ወጠር አድርጋችሁ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምሩና 24 ቀለበት ቁጠሩ። አዲስ ካቴና 30.48 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። 30.6 ካለፈ ካቴናው ብቻ ይቀየር፤ 30.8 ከደረሰ ጥርሶቹንም ማሰብ ነው። ያለፈበትን ይዛችሁ ጠጋኙ ጋ ስትሄዱ ግን እባካችሁ «አሳጥርልኝ» አትበሉ፤ «ቀይርልኝ» በሉ።