በጋምቤላ ገበያ የእጅ ሥራ ስንት ያወጣል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ከደጋው ወርዶ ባሮ ወንዝ ዳር የደረሰ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያስጨንቀው ሙቀቱ ነው። ሙቀቱን ጥቂት ከለመደ ግን እግሩ ወደ ገበያው ያመራል፤ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሊመለስ የሚወድ ሰው የለምና። በዚያም በሰሌን ላይ ተዘርግቶ የሚያገኘው የዶቃ አምባርና የአንገት ጌጥ፣ ቅል፣ ሸክላ፣ ከሣር የተሠራ ቅርጫት፣ አልፎ አልፎም ባለቤቱ ቀን የሚቀመጥበት፣ ሲተኛም የሚንተራሰው ትንሽ የእንጨት በርጩማ ነው። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ገዢው የሚመርጠው የትኛውን ነው? ስንትስ ሊከፍልበት ይፈቅዳል?

ከተማይቱ ራሷ የንግድ ልጅ ናት። በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ አጠገብ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ከዚያም ወዲህ ክረምት ገብቶ ወንዙ በሞላ ጊዜ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፣ ቡናና ቆዳ ይጭኑ ነበር። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ዋጋ መጠየቅና መከራከር የትናንት ነገር አይደለም።

ስለ ዶቃውም ቢሆን አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በአኙዋኮች ዘንድ «ዲሙይ» የሚባል የመስታወት ዶቃ ነበረ፤ ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ። ጎረቤቶቻቸው ኑዌሮች ለሙሽራ ቤተ ሰብ ከብት ሲሰጡ፣ አኙዋኮች ጥሎሹን የሚከፍሉት በዚህ ዶቃ ነበር። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ (ኋላ በኢጣልያ ጦርነት ጊዜ አኙዋክ ተዋጊዎችን ይዞ በዚሁ ጠረፍ የዘመተው ነው) ይህን ልማድ በሰፊው ጽፎታል። እኛ ደገኞቹ ግን ዶቃ ያየን እንደ ሆነ የልጅ መጫወቻ ይመስለናል፤ የዋጋው ክርክር የሚጀምረውም ከዚሁ ላይ ነው።

ገዢው ብዙ ዓይነት ነው። እንግዳው በቅድሚያ የሚያነሣው ትንሹንና ቀላሉን ነው፤ በኪስ የሚገባውን፣ በመንገድ የማይሰበረውን፣ ለእኅት ወይም ለመሥሪያ ቤት ጓደኛ «ከጋምቤላ ያመጣሁልህ» ብሎ ሊሰጠው የሚቻለውን። ይህም አምባር ነው። ትልቁን እንስራ ግን ዞሮ ዞሮ ያየዋል፤ በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ይሰማዋል፤ ሠሪዋንም ያመሰግናታል፤ ከዚያም አይገዛውም። አውሮፕላኑ እንዴት ይቀበለዋል? አውቶቡሱስ ላይ ማን ያቅፈዋል? ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. 10ኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በዓል በጋምቤላ ሲከበር ከየክልሉ ብዙ እንግዳ ወደ ከተማይቱ ገብቶ ነበር፤ እንዲህ ያለው ቀን ለአምባር ሠሪዋ ሲሳይ ሲሆን ለሸክላ ሠሪዋ ግን ብዙ ጊዜ የምስጋና ቀን ብቻ ነው። እርሷን የሚያኖራት ውኃ የሚቀዳበት የጎረቤት ሰው ነው፤ እርሱም ፕላስቲክ ጀሪካን ከመጣ ወዲህ እየቀነሰ ሄዷል።

የአገሩ ተወላጅ የገዛ እንደ ሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ለሠርግ ዶቃ የምትመርጥ እናት ቀለሙን አይታ አትወስንም፤ ክሩን ትስባለች፣ ቋጠሮውን ትመረምራለች፣ የቀለሙ ተራ የተሳሳተ እንደ ሆነም ትመልሳለች። ብትከራከርም የምትከራከረው ሥራውን አውቃ ነው፤ የሚገባውንም ትከፍላለች። ከደቡብ ሱዳን ተሰደው በክልሉ መጠለያዎች ከሚኖሩት እናቶች መካከል የአልጋ ልብስ የሚጠልፉ አሉ፤ «ሚላያ» ይሉታል። እርሱንም አስተውሎ የሚገዛው ይልቁን የጥልፉን ድካም የሚያውቅ ሰው ነው።

ከማጃንግ ጫካ የሚመጣው ማር ግን ብዙ ክርክር የለበትም። የማጃንግ ሰዎች ከግንድ የፈለፈሉትን ቀፎ በረጅም ዛፍ ላይ ሰቅለው ማር ይቆርጣሉ፤ ደኑም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ማርን ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀምሶ ዋጋውን ይገምታል። የሰውን ቀን ግን ቀምሶ መገመት አይቻልም።

ይህን የምጽፈው ራሴን ሳልወቅስ አይደለም። ባለፈው ጊዜ በዚያ ገበያ አንዲት ሴት የዶቃ አንገት ጌጥ 300 ብር ስትለኝ፣ «እኅቴ፣ ቀንሺልኝ እንጂ» ብዬ፣ ሄድ መለስም ብዬ፣ በ220 ወሰድሁት፤ በልቤም ደስ አለኝ። ማታ ግን ሂሳቡን አሰብሁት። ለዶቃና ለክር 150 ብር አውጥታለች እንበል፤ ሁለት ቀንም ሠርታበታለች እንበል። በ300 ብትሸጠው የሁለት ቀን ድካሟ 150 ብር ነበር፤ በ220 በመውሰዴ 70 ብር ቀረላት። እኔ ከዋጋው ሩብ ያህል የቀነስሁ መስሎኝ ከድካሟ ግን ከግማሽ የሚበልጠውን ወሰድሁባት። ዶቃ ሻጩ ነጋዴ አንድ ሳንቲም አልጎደለበትም።

የእጅ ሥራን ማቃለል በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ቀነሰ፤ ዋጋው ግን ከዚያው ከስድቡ ዘመን ብዙ የራቀ አይመስልም። ያው ገዢ በአዲስ አበባ መደብር ዋጋው የተለጠፈበትን የውጭ አገር አምባር ሳይከራከር ይከፍልበታል። ስለዚህም አንዳንድ ብልህ ሻጮች በዕቃው ላይ ዋጋውን መጻፍ፣ ገዢውም ፊት ተቀምጠው መሥራት ጀምረዋል፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው አፉ ለ«ቀንሺ» አይፈጥንም።

በማግስቱ ወደ ሴቲቱ ተመለስሁ። የጎደለውን 80 ብር ብሰጣት እንደ ምጽዋት ይቆጠርብኛል ብዬ ፈርቼ፣ ሌላ ዕቃ ልገዛ ዐሰብሁ። በአንገቷ ላይ ያለውን አሮጌ ዶቃ አይቼ ዋጋውን ብጠይቃት ሳቀችና፣ «እሱ የእናቴ ነው፤ አይሸጥም» አለችኝ። ከዚያም ወደ ቅሎቹ ጠቆመችኝ። አንዱን መረጥሁ፤ የጠራችውንም ዋጋ ከፈልሁ፤ እርስዋም ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።